የፋብሪካ መካኒክነት ትምህርት ጀምሬያለሁ፤ በሙያው ያላችሁ ምከሩኝ

ደብረብርሃኗ | ኅዳር 20 ቀን 2017፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። በ2016 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥቡ አልመጣልኝም። በዚያ ዓመት ያለፈው 5.4 በመቶ ብቻ ስለነበር ብቻዬን አልነበርኩም። ቢሆንም ሁለት ሳምንት ያህል ከቤት መውጣት አስጠልቶኝ ነበር። አሁን እዚሁ ከተማችን ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የኢንዱስትሪ ማሽን ጥገና እየተማርኩ ነው። ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።

ለምን ይህን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ከቤታችን ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ። መስከረም ላይ ወፍጮው ማልቀስ ጀመረ። ባለቤቱ ድንጋዩ መስሎት አስወቀረው፣ ግን አልተሻለውም። በኋላ አንድ መካኒክ መጣ። ምንም ሳይፈታ የካቻቪቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። አንዱን ጎን ሰማ፣ ሌላውን ሰማ። «ይሄኛው ኩሽኔታ ደህና ነው፣ ያኛው አልቋል» አለ። ኩሽኔታ የሚሉት ዘንጉን ይዞ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገውን ባለ ኳስ ቀለበት ነው። እኔም እንድሰማ ካቻቪቴውን ሰጠኝ። ደህናው እንደ ንብ ያለ ድምፅ አለው። ያለቀው ጠጠር የሚያኝክ ይመስላል። ሲፈታ ኳሶቹ ተላልጠው፣ ግራሶው ከሰል መስሎ ወጣ። እኔ ያን ቀን ወሰንኩ።

እናቴ አካውንቲንግ ብማር ደስ ይላታል። ዘመድ ደግሞ «ሴት ልጅ ግራሶ በግራሶ ሆና» እያለ ያሳቅቃታል። ከሁሉ በፊት ምን ላይ ላተኩር? ለትብብር ስልጠና (ድርጅት ውስጥ ለምንሰለጥነው ልምምድ) ትልቅ ፋብሪካ ይሻላል ወይስ ትንሽ? በሙያው የቆየች ሴት ካለች ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ውጭ አገር ሄዶ መማርስ እንዴት ነው?

---

ጡረተኛው መካኒክ | ኅዳር 20፣ ማታ 3፡40

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። በስኳር ፋብሪካ 34 ዓመት ሰርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያ ሰውዬ በካቻቪቴ እንዳዳመጠው እኔም እስከመጨረሻው ቀኔ ድረስ ሳዳምጥ ነው የኖርኩት። ጥሩ ሰው ነው የገጠመሽ።

በመጀመሪያ በሞረድ ላይ ጊዜ አጥፊ። አንድ ቁራጭ ብረት ሞርሳ (ብረት መያዣ) ላይ እሰሪና አራት ማዕዘን እስኪሆን ሞርጂው። ማዕዘን መለኪያውን አስጠግተሽ ወደ መስኮቱ ስታዪው በመሃል ብርሃን ካሳለፈ ገና ነው። አሰልቺ ነው፣ እጅም ያሳብጣል። ግን ቀጥ ያለ ነገር ምን እንደሚመስል እጅሽ የሚያውቀው በዚህ ነው። በኋላ የሞተር መቀመጫ ላይ እጅሽን ስታሳልፊ ጉብታው ይታወቅሻል።

ስኳር ፋብሪካ ክረምት ላይ አገዳ መፍጨት ያቆማል። ማሳው ይጨቀያል፣ መኪና አይገባበትም። ያን ጊዜ ወፍጮው፣ ፓምፑ፣ ማጓጓዣው ሁሉ ይፈታል፤ ኦቨርሆል እንለዋለን። ከማውቀው ግማሹን የተማርኩት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስኳር ፋብሪካ ለልምምድ የመግባት ዕድል ካገኘሽ ክረምቱ እንዳያመልጥሽ። ሌላው ጊዜ ማሽኑ እየሰራ ነው የምታዪው፣ ሆዱን ማየት የምትችዪው በክረምት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ የአንድ ፓምፕ ሞተር ኩሽኔታ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። በየጊዜው ኩሽኔታውን ሰደብኩት፣ የገዛውን ሰውም ሰደብኩ። አንድ ሽማግሌ አለቃ ነበረን። መጥቶ የሞተሩን አራት ብሎኖች አንድ በአንድ አላላቸው። አንዱን ሲያላላ ሞተሩ እግሩን ከመቀመጫው ብድግ አደረገ። ከስሩ ፊለር ጌጅ፣ ክፍተት የሚለካበትን ስስ የብረት ምላስ፣ ሰደደ፤ 0.4 ሚሊሜትር ክፍተት ነበረው። ብሎኑ ሲጠብቅ የሞተሩ ገላ ይጠመዘዛል፣ ዘንጉም አብሮ ይጋደላል ማለት ነው። ኩሽኔታው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። እግሩን በስስ ቆርቆሮ ሞልቶ፣ አላይመንቱን (የዘንጎቹን መስመር) በዳያል ኢንዲኬተር፣ ጥቃቅን መዛነፍ በሚለካው ሰዓት መሰል መሳሪያ፣ አስተካክሎ ሄደ። ያ ፓምፕ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት አልጠራኝም።

ስለዚህ የተበላሸ ዕቃ ስትቀይሪ የወጣውን አትጣዪው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪውና ለምን ሞተ ብለሽ ጠይቂ።

ሌላም ልጨምር። አስተማሪሽ ቤሪንግ ይልሻል፣ ፋብሪካ ስትገቢ ኩሽኔታ ይሉሻል። ቺንጊያ፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ግራሶ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የገቡ ናቸው። ማንዋሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ደብተርሽ ላይ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ጻፊ።

---

አሰልጣኝ ከኮምቦልቻ | ኅዳር 21፣ ጠዋት 1፡30

ጋሼ የተናገሩት ለተማሪዎቼ የማነብላቸው ነው። እግዜር ይስጥልን።

እህቴ፣ ስለ ትብብር ስልጠናው ልመልስልሽ። በአሰራሩ የስልጠናሽ ትልቁ ክፍል፣ ወደ 70 በመቶ የሚሆነው፣ ድርጅት ውስጥ እንዲሆን ነው የታሰበው። በተግባር ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አንዱ ተማሪ ስድስት ወር ሙሉ ወለል ሲጠርግና ሻይ ሲያመላልስ ይከርማል። ሌላው ጊርቦክስ ፈቶ ይገጥማል። ሁለቱም ያው ፊርማ ይዘው ይመለሳሉ። ይህ እኔን ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ትልቅ ወይስ ትንሽ ላልሽው የኔ ምክር ይኸው ነው። ከመግባትሽ በፊት ወርክሾፑን አሳዩኝ በይ። ግድግዳው ላይ የሳምንቱ የጥገና ዕቅድ ተለጥፏል? ኩሽኔታ ማስገቢያ ፕሬስ አላቸው ወይስ በመዶሻ ነው የሚመቱት? ዳያል ኢንዲኬተር ካለ ከሳጥኑ ይወጣል ወይስ አቧራ ጠጥቷል? አለቃው «ለምን መጣሽ?» ካለሽና «መቼ ትጀምሪያለሽ?» ካለሽ ልዩነት አለው። አምስት ሰው ያለበት የዘይት መጭመቂያ ሊሆን ይችላል፣ ትልቅ ሲሚንቶ ፋብሪካም ሊሆን ይችላል። ስፋቱን አትዪ።

ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ላይ ብዙ ልጆች የሚወድቁት በተግባሩ ፈተና ነው። ስራውን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። መለኪያ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ካሊፐርና ማይክሮሜትር በየቀኑ ያዢ። የቤትሽን የብርጭቆ አፍ፣ የበር ማጠፊያ፣ የብስክሌት አክሰል ለኪ። 0.02 ማንበብ እንደ ሰዓት ማንበብ ሊቀልሽ ይገባል።

---

ደብረብርሃኗ | ኅዳር 21፣ ማታ 1፡05

ጋሼ፣ አሰልጣኝ፣ ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። የጋሼን ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት። «ይሄ ሐኪም ነው እንጂ መካኒክ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ኩሽኔታ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስተማሪው በፍጥነት አለፈው፣ እኔም ድገመው ለማለት አፈርኩ። 6308 ማለት ምን ማለት ነው?

---

አሰልጣኝ ከኮምቦልቻ | ኅዳር 21፣ ማታ 1፡50

ማፈር አያስፈልግም፣ ነገ ራሱን ጠይቂው። እስከዚያው እኔ ልንገርሽ። መጨረሻ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች በ5 አባዢ። 08 ሲባዛ በ5፣ 40 ይሆናል፤ የዘንጉ ቀዳዳ 40 ሚሊሜትር ነው። ይህ ከ04 ጀምሮ ይሰራል። ከዚያ በታች ያሉትን በቃል ያዢያቸው፦ 00 ማለት 10፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ ያለው 6 ባለ አንድ ረድፍ ኳስ መሆኑን ይነግርሻል። 3 ደግሞ የመጠኑ፣ የውጫዊ ስፋቱና የውፍረቱ፣ ደረጃ ነው። 6208 ቀዳዳው ያው 40 ነው፣ ውጫዊ ስፋቱ ግን 80 ነው። 6308 ስፋቱ 90፣ ውፍረቱ 23 ነው። ቀዳዳው ገጠመ ብለሽ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት አትችዪም።

ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣውንም አትዝለዪ። ዜድ ዜድ ከሆነ በቆርቆሮ፣ ቱ አር ኤስ ከሆነ በጎማ የተሸፈነ ነው። ሲ3 የሚል ካለበት ውስጡ ከተለመደው ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት አለው፤ ሞተር ሲሞቅ ብረቱ ስለሚያብጥ ነው። ገበያ ሄደሽ «6308 ስጠኝ» ብለሽ ሲ3ውን ከረሳሽው ተመልሰሽ ትሄጃለሽ።

---

የጠርሙስ መስመር | ኅዳር 22፣ ሌሊት 7፡20

ከሌሊት ፈረቃ እረፍት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሴት ነኝ፣ መጠጥ ፋብሪካ የጠርሙስ መስመር ላይ መካኒክ ሆኜ ስድስት ዓመቴ ነው።

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው። እኔን መጀመሪያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ቆጣሪ አደረጉኝ። «እዚህ ይሻልሻል» አሉኝ፣ በደግነት ነበር የሚያስቡት። እኔ ግን በየቀኑ ስራዬን ጨርሼ መስመሩ ላይ እሄድ ነበር። አንድ ሌሊት መካኒኩ ታሞ ቀረ፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ማያያዣውን አውጥቼ፣ አዲሱን ገጥሜ፣ ልልነቱን በእጄ አይቼ አስነሳሁት። 25 ደቂቃ ፈጀ። በማግስቱ አለቃዬ ምንም አላለኝም፤ የመሳሪያ ሳጥኑን ቁልፍ ግን ሰጠኝ።

ጉልበት ያስፈልጋል የሚሉሽ ሰዎች አሉ። ከባዱን በሰንሰለት ማንሻ ነው የምናነሳው፣ ወንዱም እንደዚያው። በወገቡ ያነሳ ወንድ በ40 ዓመቱ ወገቡን ይዞ ነው የሚሄደው። ፀጉርሽን ጠቅልለሽ ሸፍኚ። ሻርፕ፣ ቀለበት፣ ሰፊ እጅጌ ማሽን አጠገብ አይቀርብም። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምነግርሽ።

ሌላው የቁልፍ ነገር ነው። ማሽን ውስጥ እጅሽን ከማስገባትሽ በፊት ዋናውን መብራት አጥፊ፣ በራስሽ ቁልፍ (ጓጉንቸር) ቆልፊ፣ መክፈቻውን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ። ከዚያ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫኚና እንደማይነሳ አረጋግጪ። የአየር ግፊቱንም አስተንፍሺ፤ መብራት ጠፍቶም ፒስተን ሊመታ ይችላል። በፊት በነበርኩበት ፋብሪካ አንድ ባልደረባዬ ማጓጓዣው ስር ገብቶ ሳለ ሌላ ሰው «ማን አጠፋው?» ብሎ አስነሳው። ሁለት ጣቱን አጣ። የሦስት ልጆች አባት ነው። ቁልፍ ቢኖረው ኖሮ አይሆንም ነበር። ድርጅቱ ቁልፍ ካልሰጠሽ በራስሽ ገንዘብ ግዢ።

---

ኮንትሮል ፓነል | ኅዳር 22፣ ከሰዓት 9፡10

ሁሉም የተባለው ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ጋሼንም በአክብሮት እቃወማለሁ። ዛሬ ሞረድ ላይ ወራት ማጥፋት ጊዜ ማባከን ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኮቹ ውስጥ ያሉት ማሽኖች በፒኤልሲ (ማሽኑን በሚያዝ ኮምፒውተር) እና በኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሳሪያ) ነው የሚሰሩት። ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የሚጠራው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሜካኒካሉን ብቻ የያዘ ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ረዳት ሆኖ ነው የሚቀረው። እህቴ፣ ቶሎ ወደ ኤሌክትሮ መካኒካል ዙሪ።

---

ጡረተኛው መካኒክ | ኅዳር 22፣ ማታ 2፡00

ልጄ ኮንትሮል ፓነል፣ መቃወምህ ደስ ብሎኛል፤ ግማሹ እውነት ነው። መብራቱን የማያውቅ መካኒክ በጨለማ ነው የሚሰራው። እኔ መልቲሜትር መያዝ የተማርኩት በ45 ዓመቴ ነው፣ ያለፈው ጊዜ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ግን ይህን ልጠይቅህ። ሞተር በኦቨርሎድ ሪሌይ፣ ጭነት ሲበዛበት መብራት በሚቆርጠው መሳሪያ፣ ደጋግሞ ይወድቃል። ኤሌክትሪሺያን መጥቶ የሪሌዩን ልክ ከፍ አድርጎ ሄደ። ሞተሩ ተነሳ። በሳምንቱ ተቃጠለ። ምክንያቱ ጊርቦክሱ ዘይት አጥቶ ተጣብቆ ነበር። ሪሌዩ እውነቱን ሲናገር አፉን ዘጉበት። አንተ ይህን እንደማታደርግ ከአነጋገርህ ገብቶኛል። ግን ሲደረግ ስንቴ አይተሃል?

---

ኮንትሮል ፓነል | ኅዳር 22፣ ማታ 2፡35

ብዙ ጊዜ አይቻለሁ ጋሼ። እሺ፣ እንዲህ ላስተካክለው፦ ዘንጉን በእጇ አዙራ ማየትን ትማር፣ የሦስቱን ፌዝ (የመብራት መስመር) አምፒር መለካትንም ትማር። ሁለቱን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ማግኘት ነው የጠፋው። ለልምምድ ስትገባ ከኤሌክትሪሺያኑ ጋርም ሁለት ወር ልመደብ ብላ ትጠይቅ።

---

ከሽቱትጋርት | ኅዳር 24፣ ማታ 4፡10

ስለ ውጭ ስለጠየቅሽ። እኔ ጀርመን ውስጥ የኢንዱስትሪ መካኒክነት ስልጠና ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ነኝ። ጠቅላላው 3 ዓመት ተኩል ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ፋብሪካ፣ ቀሪውን ትምህርት ቤት ነኝ። ጋሼ ስለ ሞረድ ሲጽፉ ደስ አለኝ፤ እዚህም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍኩት ሞርሳ ላይ ነው። ሮቦት ያለበት ፋብሪካ ነው፣ መጀመሪያ ግን ሞረድ ነው ያስያዙኝ።

ፈተናው ለሁለት ይከፈላል። መሃል ላይ የሚሰጠው 40 በመቶ፣ መጨረሻ ላይ ያለው 60 በመቶ ይይዛል። በየሳምንቱ የሰራሁትን ደብተር ላይ ጽፌ አሰልጣኜ ይፈርምበታል። ደብተሩ ካልተሟላ ፈተና አያስቀምጡሽም። አንቺም ከአሁኑ ጀምሪው፣ ማንም ባያዝሽም።

ለመምጣት መጀመሪያ ቋንቋው ነው። ቢያንስ የጀርመንኛ ቢ1 (መካከለኛ) ደረጃ ያስፈልግሻል፤ በኔ እምነት ቢ2 ከሌለሽ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ትሰቃያለሽ። ከዚያ ፋብሪካው ራሱ ውል ይሰጥሻል፣ በውሉ ነው ቪዛ የሚጠየቀው። በስልጠናው ጊዜ ድርጅቱ ነው ለአንቺ ደሞዝ የሚከፍልሽ። የስልጠና ቦታ እንሰጥሻለን ብሎ ብዙ ሺህ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመሽ ሽሺ። የአገር ቤት ሰርተፍኬትሽን ጨርሰሽ ከሆነ ደግሞ ለእንዲህ ያሉ ሙያዎች ምዘናውን የሚሰራው ኑረምበርግ ያለው የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቶች ቢሮ ነው።

---

ኤድመንተን | ኅዳር 25፣ ጠዋት 12፡45

እዚህ ካናዳ ሙያው ሚልራይት ይባላል። አልበርታ ውስጥ አራት ዓመት ነው። በየዓመቱ 1,560 ሰዓት ስራ ላይ፣ 8 ሳምንት ክፍል ውስጥ ነው። በመጨረሻ ሬድ ሲል የሚባለው ፈተና አለ፣ 70 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። እሱን ካለፍሽ በሌሎቹም ክፍለ ሀገሮች ትሰሪያለሽ።

እኔ ከአገር ቤት 11 ዓመት ልምድ ይዤ ነው የመጣሁት። የነበረኝ ደብዳቤ «መልካም ጸባይ ያለው ሠራተኛ ነበር» የሚል ነበር። ለዚህ አገር ሰዎች ምንም አይነግራቸውም። ስንት ሰዓት፣ በምን ማሽን ላይ፣ ምን እንደሰራሁ የሚል ነው የፈለጉት። ድርጅቱ ተዘግቶ ስለነበር ማስጻፍ አልቻልኩም፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀመርኩ። ስለዚህ ከየድርጅቱ ስትወጪ ዝርዝሩን አስጽፈሽ፣ ማህተም አስደርገሽ ውጪ። ለውጭ ባትሄጂም ይጠቅምሻል።

---

ደብረብርሃኗ | መጋቢት 9 ቀን 2017፣ ማታ 3፡00

ብዙ ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ልምምድ ገብቻለሁ! በአሰልጣኝ ምክር ሦስት ወርክሾፖች አሳዩኝ ብዬ ዞርኩ። አንዱ ትልቅ ነበር፣ ሰው አላናገረኝም። የመረጥኩት የእንስሳት መኖ ማቀነባበሪያ ነው። ዘጠኝ ሰው ነው ያለው። ፕሬስ አላቸው። ዳያል ኢንዲኬተሩ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ አለቃዬ ግን አቧራውን ጠርጎ ሰጠኝ። ቁልፍ ገዝቻለሁ፣ ቀይ ነው፣ ስሜን ጽፌበታለሁ።

ትናንት የመዶሻ ወፍጮው ሞተር ኩሽኔታ ቀየርን። 6308 ሲ3! አዲሱን በዘይት ውስጥ ወደ 100 ዲግሪ አሙቀን ነው ያስገባነው፣ አንድም ጊዜ ሳንመታው ዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ቁጭ አለ። አለቃዬ «ድሮ በእሳት ነበር የምናሞቀው» አለኝ። የወጣውን አልጣልኩትም ጋሼ። በወር ተኩል ውስጥ ሁለተኛው ነው አሉኝ።

---

ጡረተኛው መካኒክ | መጋቢት 9፣ ማታ 3፡25

ጎበዝ ልጄ። እናትሽንም እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ። አሁን የወጣውን አንሺው። በጨርቅ ጥረጊውና የውጪውን ቀለበት ውስጡን ወደ መብራት አዙረሽ እይ። ኳሱ የሄደበት መንገድ እንዴት ነው?

---

ደብረብርሃኗ | መጋቢት 9፣ ማታ 4፡10

ጠረግኩት። የሚያብረቀርቅ መስመር አለ። መሃል ለመሃል አይደለም ጋሼ። በአንድ በኩል ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጠግቷል፣ በትይዩው በኩል ደግሞ ወደ ግራ ጠርዝ ሄዷል። ጋደል ያለ ነው።

---

ጡረተኛው መካኒክ | መጋቢት 9፣ ማታ 4፡15

ጠዋት ማሽኑን ቆልፈሽ አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ አላዪ። ፊለር ጌጅ ያዢ።

---

ደብረብርሃኗ | መጋቢት 10፣ ቀን 6፡40

ጋሼ! ከኋላ በግራ በኩል ያለው እግር። 0.3 ገባ። አለቃዬ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየው፣ ከዚያ ሁሉንም ሰራተኛ ጠርቶ አሳያቸው። አሁን ስስ ቆርቆሮ እየፈለግን ነው፤ አንዱ የቆርቆሮ ጣሳ እንቁረጥ እያለ ነው።

---

ጡረተኛው መካኒክ | መጋቢት 10፣ ቀን 6፡50

ጣሳ አይሆንም፣ ይዝጋል፣ ይጨፈለቃል። የማይዝግ ብረት ወይም ነሐስ ፈልጉ። በአንድ ወፍራም ካልተገኘ ከሦስት በላይ አትደራርቡ። የቆረጣችሁትን ጠርዝ በሞረድ አልስልሺው፤ ሹል ጠርዝ ካለው እንደገና ያነሳዋል። ብሎኑን ካጠበቅሽ በኋላ ዳያሉን ዘንጉ ላይ አድርገሽ የሚነበበውን እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።